ስለ ተሳቢ ቤታችን ክብደትና ስለማልጠይቀው ይቅርታ

ለክቡር አቶ ኦረስት ዳኒሉክ
የሐይቅ ዳር የበጋ ሰፈርተኞች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ በከተማችን የብቸኛው የተሳቢ ቤቶች መሸጫ ባለቤት፣ የየዓመቱ የተሳቢ ቤቶች የበጋ መክፈቻ ሰልፍ መሪ
ኤልምስቢ፣ ሳስካችዋን

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ባለፈው መኸር ያስቸግርዎ የነበረው ጉልበትዎ በረዶ ሲዝቁ እንዳልባሰብዎ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ኦላም እንደ ወትሮው ለቤተ ክርስቲያኑ ምሳ ድንች የተሞላውን ሊጥ፣ ፒሮጊ፣ ሲሠሩ በደኅና እንደ ከረሙ ተስፋ አደርጋለሁ። ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመሸጫ ግቢዎ ብዙ ገበያ፣ ለደንበኞችዎ ደግሞ ሲረግጡት የሚይዝ ፍሬን እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። አብዛኛው ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ለወግ ያህል ይጽፈዋል፤ እኔ ግን ባለፈው ነሐሴ እርስዎ የሸጡልንን፣ በመኪና የሚጎተተውን ተሳቢ ቤት ይዘን የሸለቆውን ቁልቁለት ከወረድን ወዲህ ይህን ስል ከልቤ ነው።

ኮሚቴዎ የጻፈልኝ ደብዳቤ በክብር ደርሶኛል። በደብዳቤው መሠረት በሰፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት «ሕዝብን የሚያስደነግጥ ወረቀት» ስለ ተነሳ ዳግመኛ እንዳልለጥፍ፣ ባለቤቴ ኩርት አደጋው የደረሰው በራሱ የፍጥነት ጥፋት መሆኑን ፈርሞ እንዲያረጋግጥ፣ እኔ ደግሞ በመክፈቻው ቀን ባንዲራ ሲሰቀል ሕዝብ ፊት ቆሜ ይቅርታ እንድጠይቅ ታዝዣለሁ። ይህ ካልተፈጸመ የኩርት አባት አቶ ኦቶ ሂልደብራንት በጎልማሳነታቸው ያቀኑት፣ የአኻያ ዛፎቹን በእጃቸው የተከሉበት የሐይቅ ዳር ቦታችን ለሌላ ቤተሰብ ይሰጣል ተብሏል። ይህን የመሰለ በትሕትና የተሞላ ጥያቄ በግል ደብዳቤ መመለስ ስስት መስሎ ስለ ታየኝ በሳምንታዊ ጋዜጣችን ልመልስልዎ ወሰንኩ። ጋዜጣው የማይደርሰው ሰው ካለ ደግሞ አንድ ቅጂ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ባለው ሰሌዳ ለጥፌያለሁ፤ ያ ሰሌዳ የኮሚቴው አይደለምና።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ለንባብ እንዲመችዎ በቁጥር አስቀምጣለሁ። የትኛው ምስጋና፣ የትኛው ቅሬታ እንደሆነ ግራ ከገባዎ ጥፋቱ የአጻጻፌ ነው።

፩. በመጀመሪያ ስለ ሽያጩ አመሰግናለሁ። እኔና ኩርት፣ ልጆቻችን ሊኔትና ብሪታ፣ እንዲሁም ባሮን የሚባለው ግዙፍ ውሻችን ወደ ግቢዎ የመጣነው ዝናብ ከሚያስገባው ድንኳናችን የምንገላገልበት ትንሽ ተሳቢ ቤት ፍለጋ ነበር። እርስዎ ግን የእኛን ትንሽነት ንቀው ለልጆቹ ተደራራቢ አልጋ፣ ለእኔ መታጠቢያ ቤት፣ ለኩርት የውጭ ማብሰያ ያለው፣ ሳሎኑ ከቤታችን ሳሎን የሚሰፋ አንድ ግሩም ነገር አሳዩን። ኩርት ሁለት ሦስቴ ዞረውና እዚህ አገር ወንድ ልጅ ከሻጭ ፊት ሲቆም ሊጠይቅ የሚፈቀድለትን ብቸኛ ጥያቄ ጠየቀ፤ «የኔ ፒክአፕ ይችለዋል?»

እርስዎም የመኪናችንን ኮፈን በመዳፍዎ መታ መታ አድርገው፣ «ሙት እልሃለሁ ኩርት፣ ይሄ መኪና ቤተ ክርስቲያኑን ከነደወሉ ነቅሎ ይሄዳል! አንተ ብቻ ነዳጅ አጠጣው» አሉት።

እኔ መሀል ገብቼ ከነልጆቹና ከነዕቃው ማለትዎ እንደሆነ ብጠይቅዎ፣ «አንቺ ደግሞ! እነዚህ ሁለት ጫጩቶች ምን ይመዝኑና ነው?» ብለው ለሁለቱም ከረሜላ ሰጧቸው። ስለ ከረሜላው አሁንም አመሰግናለሁ።

ከዚያ አብረቅራቂውን መጽሔት ገልጠው፣ የእኛን ዓይነት መኪና አራት ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ እንደሚጎትት፣ ተሳቢ ቤቱ ደግሞ ሞልቶ ተጭኖ ከሦስት ሺህ አራት መቶ እንደማያልፍ አሳዩን። መቀነስ የሚችል ሰው ሁሉ ደስ የሚለው ስሌት ነው። መጽሔቱ ያልነገረን፣ እርስዎም ሊያደክሙን ያልፈለጉት፣ ያ ትልቁ ቁጥር የሚሠራው መኪናው ውስጥ ከሾፌሩ በቀር እምብዛም ነገር በሌለበት ጊዜ መሆኑን ነው። የእኛን ቤተሰብ የሚመለከተው ቁጥር የተጻፈው የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በምትታይ ትንሽ ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቷ የምትለው ይህን ነው፤ ሰውና ጭነት አንድ ላይ ተደምሮ ከአምስት መቶ ሰማንያ ኪሎ እንዳይበልጥ። የተሳቢው አፍንጫ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያያዘው ጫፉ፣ ከመኪናው ኋላ ባለው መንጠቆ ላይ የሚያሳርፈው ክብደትም እንደ ጭነት ይቆጠራል። እርስዎ የዚያን ቀን መኪናችን ውስጥ ገብተው ሬዲዮኑን ሳይቀር ሞክረዋል። ወረቀቷ ክርንዎ ስር ነበረች።

፪. በሁለተኛ ደረጃ ስለ ኩርት አንድ ነገር ልናገር፤ ምክንያቱም ኮሚቴዎ ቸኩሎ ስለ እርሱ ብዙ ተናግሯል። ባሌ ሞኝ አይደለም። እንደ እርስዎ፣ እንደ ወንድሞቼና እንደዚህ ከተማ ወንዶች ሁሉ መጎተትን የተማረው በትራክተርና በእህል ጋሪ ነው። የእህል ጋሪ ደግሞ ከፊትም ከኋላም ጎማ አለው፤ ክብደቱን በሙሉ ራሱ ይሸከማል፤ ትራክተሩ ላይ የሚያሳርፈው ነገር የለም። ስለዚህ እዚህ አገር መጎተት ማለት ማስነሳት ማለት ነው። ሞተሩ ካስነሳው ችሎታል፤ ሌላ ጥያቄ የለም። ተሳቢ ቤት ግን ጎማዎቹ መሀሉ ላይ ናቸው፤ አፍንጫውን የሚያሳርፈው የሚጎትተው መኪና ጀርባ ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ ማደግ ነውር አይደለም። በየበጋው ለሃያ ሠላሳ ቤተሰብ እየሸጡ አለማወቅ ግን፣ እንዴት ብዬ በጨዋ ቋንቋ ልበለው፣ ልዩ ተሰጥዖ ይጠይቃል።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ስልክ ምክርዎ ነው። የመጀመሪያውን ጉዞ ለመሄድ መኪናውን ከተሳቢው ጋር ባያያዝን ጊዜ የፒክአፑ ጀርባ ቁጭ አለ፤ ፊቱ ወደ ላይ ቀና ብሎ መብራቱ ግቢያችን ያለውን ጎተራ ጣራ ማብራት ጀመረ። ኩርት ደነገጠና ደወለልዎ።

«ኋላው ቁጭ አለ ኦረስት። መሪውም ቀለለኝ።»

«በቃ ይሄ ነው ያስጨነቀህ?» ብለው ሳቁበት። «ማገዶውን፣ የውሃ ጀሪካኖቹን፣ ብስክሌቶቹን በሙሉ ውሰድና ተሳቢው መጨረሻ ላይ እሰርልኝ። አፍንጫው ይቀላል፣ መኪናህ ቀና ይላል። ከዚያ ወዲያ ቢራህን ይዘህ መውረድ ነው!»

እንዳሉት አደረግን። መኪናው ቀና አለ። እንዲያውም ሊኔት ስልክ ዘርግታ ራሷን ጨምራ ፎቶ አንስታን ነበር፤ አራታችንም እየሳቅን፣ ውሻው ምላሱን አውጥቶ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ እባክዎ እዚህ ላይ ትንሽ ይቆዩልኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ አስቀምጫለሁ። ሜዳው አልቆ መንገዱ ወደ ሐይቁ መጥለቅ በሚጀምርበት ቦታ ኩርት ከተፈቀደው ፍጥነት በታች ነበር። አጠገቡ ስለ ነበርኩና የቆጣሪውን መርፌ ከእርሱ ይልቅ የማየው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ከታች አንድ የእህል መኪና ሽቅብ መጣና ነፋሱ መታን። ተሳቢ ቤቱ ከኋላችን ጅራቱን አንዴ ወደ ቀኝ ወረወረ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ከዚያ የባሰ ወደ ቀኝ። ጅራቱ ከአፍንጫው የከበደ ተሳቢ እንዲህ እንደሚያደርግ የዚያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ብሪታ ጨዋታ መስሏት፣ «አባዬ፣ ቤታችን ይጨፍራል!» ብላ ጮኸች። ቀጥሎ ሁለቱም ዝም አሉ። የልጆቼን ዝምታ እንደዚያን ቀን ፈርቼው አላውቅም።

ኩርት ፍሬን ሲይዝ ባሰበት። በስፖኪዮው የገዛ ወጥ ቤቴን መስኮት፣ የሰቀልኩትን ባለ አበባ መጋረጃ ሳይቀር፣ ጎኔ ላይ አየሁት፤ ከኋላችን መሆን የነበረበት ቤት እኛን ሊቀድም እየመጣ ነበር። በመጨረሻ ቀኝ ጎማችን ከአስፋልቱ ወጥቶ ሳር ወደ በቀለበት ቦይ ገባ፤ መንጠቆው ተጣመመ፤ ተሳቢው በጎኑ የግጦሽ አጥር ላይ ተደግፎ ቆመ። ከአጥሩ ወዲያ ቁልቁለቱ እንዴት እንደሚቀጥል እርስዎ ያውቁታል። ሊኔት በቀጭን ድምፅ፣ «እማዬ፣ አለቀ?» አለችኝ። አለቀ የኔ ልጅ አልኳት። እጄን ግን ከወንበሩ ጠርዝ ማላቀቅ አቅቶኝ ነበር።

ሰው ተሰብስቦ ትራክተር እስኪመጣ ስንጠብቅ እርስዎም ደረሱ። ስለ መምጣትዎ አመሰግናለሁ። ልጆቹ ተርፈው እንደሆነ ከመጠየቅዎ በፊት በሰው ፊት ባለቤቴን፣ «ኩርት፣ ቀስ ብለህ አትነዳም እንዴ ሰውዬ!» ያሉትም እዚያው ነው። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር በሁለተኛው ቀን ጠዋት ምግብ ቤቱ ውስጥ ቡና ሲጠጡ የሚውሉት ሽማግሌዎች ዘንድ ደረሰች፤ በክረምቱ ደግሞ አድጋ የኮሚቴ ውሳኔ ሆነች።  

፬. በአራተኛ ደረጃ ስለ ሚዛኑ። እዚህ አገር አንድ ኪሎ ስንዴ ሳይመዘን ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። እርጥበቱ ይለካል፣ ደረጃው ይወጣል፣ ቆሻሻው ይቀነሳል፤ አሥር ኪሎ ጎደለ ብለው ከእህል ጎተራው ሥራ አስኪያጅ ጋር የተኳረፉ ወንድማማቾች አሉን። በዚህ ሁሉ መሀል ልጆቻችንን የምንጭንበትን ነገር መዝኖ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ስለ ገረመኝ፣ መንጠቆው ከተጠገነ በኋላ ሁሉንም እንደዚያን ቀን አስጭኜ ከነቤተሰቤ የእህል መኪና ከነጭነቱ ወደሚመዘንበት የከተማው ጎተራ ሚዛን ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ላይል ቶርቫልድሰን በመስኮቱ ብቅ ብሎ አየን።

«ቨርና! ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት እህል ነው ያመጣሽልን?»

«ሁለት ሴት ልጆች፣ አንድ ባልና አንድ ውሻ» አልኩት።

«ልጆቹ አንደኛ ደረጃ ናቸው። ውሻው እርጥበቱ በዝቷል፣ አድርቀሽ አምጪው። ባልሽ ላይ ግን ትንሽ የቆሻሻ ተቀናሽ አለ፤ ቅር እንዳይልሽ» አለና ሳቀ። ኩርት እንኳ ፈገግ አለ። ከዚያ ሚዛኑን ሲያነብ ላይልም ሳቁን አቆመ።

መጀመሪያ ዕቃው በነበረበት ቦታ ሆኖ ተመዘንን፤ ከበሩ ምሰሶ ወረቀት በሦስት መቶ ኪሎ በልጠን ተገኘን። ቀጥሎ እርስዎ በስልክ እንዳዘዙን አድርገን ጫንነው። የመኪናው ትርፍ ክብደት ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ የተሳቢው አፍንጫ ግን መኪናውን አጥብቆ ለመያዝ ከሚያስፈልገው ክብደት ግማሽ ያህሉ ብቻ ቀረው። በአጭሩ መጀመሪያ መኪናውን የሚሰብር ጭነት ነበረን፤ በእርስዎ ምክር ደግሞ እኛን የሚገለብጥ ጭነት አደረግነው። መኪናው ግን ቀና ብሎ ነበር፤ ያንን አልክድም።

፭. ይህን ይዤ ወደ ግቢዎ መጥቼ ተሳቢውን በሌላ ትንሽ ተሳቢ እንዲለውጡልን ስለምንዎ፣ «የሁለት ባሌስትራ ጉዳይ ነው፣ አንቺ ሴትዮ ነገር አታካብጂ» አሉኝ። ባሌስትራ መጨመር የመኪናውን ጀርባ ከፍ ያደርገዋል እንጂ በበሩ ምሰሶ ላይ የተጻፈውን አይለውጥም። ሱሪዬ ጠበበኝ ላለ ሰው ሸሚዝህን ወደ ታች ሳብ አድርገው እንደማለት ነው። ስለ ምክሩ ግን አመሰግናለሁ፤ ነፃ ነበርና።

፮. ስድስተኛው ኮሚቴዎን ያስቆጣው ነው። ላይል ሚዛኑን ቅዳሜ ቅዳሜ ለተሳቢ ቤቶች በነፃ እንደሚከፍት የሚገልጽ አንዲት ወረቀት ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ። ወረቀቷ ላይ የእርስዎ ስም የለም። የመሸጫ ግቢዎም ስም የለም። «ልጆችዎንና ዕቃዎን እንደ ጉዞ ቀን ጭነው ይምጡ» ብቻ ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ እንዴት እርስዎን እንዳሰበ እኔም ይገርመኛል። ኮሚቴው ወረቀቷን ከማንሳቱ በፊት ጥቂት ቤተሰቦች መጥተው ተመዝነዋል። ስማቸውን አልናገርም፤ አንዳንዶቹ እየሳቁ መጥተው ዕቃቸውን ማራገፍ ጀምረዋል።

ሰባተኛም ስምንተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፣ ምክንያቱም የቀረው ነገር በቁጥር የሚነገር አይደለም።

ደብዳቤዎ የደረሰን ቀን ኩርት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብዙ አየው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ፣ «ኩርት፣ ሚስትህ እኔንም ትመዝነኝ ይሆን?» እያሉ ክረምቱን ሙሉ ሲቀልዱበት ከርመዋል፤ ችሎ ከርሟል። ያን ቀን ግን ብዕር አነሳ።

«ልፈርምላቸውና ይልቀቁን ቨርና። ፈጥኜ ነበር ልበል። ምን ይጎድልብኛል? የአባቴ ቦታ'ኮ ነው።»

«ፈጥነህ ነበር?» አልኩት።

«አልፈጠንኩም።»

«እንግዲያስ ምኑን ነው የምትፈርመው? ነገ ሌላ አባት ልጆቹን ጭኖ እዚያ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ፣ የኩርት ጥፋት ፍጥነት ነበር፣ እኔ ቀስ እላለሁ ብሎ ነው'ኮ የሚወርደው!»

የምንከራከረው አማቴ አቶ ኦቶ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ ነበር። የመስሚያ መርጃ መሣሪያቸውን የሚያጠፉት ሰው ሲጨቃጨቅ ነው፤ ያን ቀን ግን አላጠፉትም ኖሯል። ልጃቸውን ጠርተው፣ «ስማ ኩርት፣ እኔ እዚያ የተከልኩት ዛፍ ነው። ዛፍ ይተካል። ያንን ብዕር አስቀምጥ» አሉት። እኚህ ሰው ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በየበጋው እዚያ አኻያ ስር ወንበር አስወጥተው ሐይቁን ሲያዩ ከመዋል ሌላ ለራሳቸው የጠየቁት ነገር የለም። ይህን ሲናገሩ እኔ አለቀስኩ። ኩርት ብዕሩን አስቀመጠ።

ስለዚህ ክቡር ሊቀመንበር፣ ለተከበረው ኮሚቴዎ የምሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። ባሌ አይፈርምም። እኔም ይቅርታ አልጠይቅም፤ ባንዲራ ሲሰቀልም ሆነ ሲወርድ። ሰሌዳዎ ላይ ወረቀት እንዳልለጥፍ የሰጡትን ትእዛዝ አከብራለሁ፤ ከመክፈቻው ሰልፍ በፊት ባሉት ቅዳሜዎች ሁሉ ግን ሸለቆው አፋፍ ላይ ቆሜ፣ ባንዲራውን ሰቅሎ ጥሩምባውን እየነፋ ለሚመጣ ተሳቢ ቤት ሁሉ የበሩን ምሰሶ እንዲያነብ በትሕትና እጠይቃለሁ። መንገዱ የክፍለ ሀገሩ ነው፤ ኮሚቴው መንገዱን እስኪወርስ ድረስ ማንም አያስነሳኝም። ተሳቢ ቤታችንንም የእኛን የመሰለ መኪና ላለው ሌላ ቤተሰብ አልሸጥም። ግቢያችን ውስጥ ይቆማል፤ አማቴ ከሰዓት በኋላ እንቅልፋቸውን ይተኙበታል፤ ለዚያ በጣም ምቹ ነው።

ቦታውን ለመስጠት ከቆረጡ ይስጡት። እኛም ሌላ ዳርቻ ፈልገን ድንኳናችንን እንተክላለን፤ ዝናብ ቢያስገባም። የሚመጣው ቤተሰብ አኻያዎቹን ውሃ እንዳያስጠማ ይንገሩልኝ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደዚያ ከመውረዱ በፊት በላይል ሚዛን እንዲያልፍ።

ይሁን እንጂ ግትር እንዳይሉኝ አንድ የመታረቂያ መንገድ ላቀርብ እወዳለሁ። እርስዎ መኪናችን ተሳቢውን ይችለዋል ብለዋል፤ ጥፋቱ የነጂው ነው ብለዋል። ማንም እንደሚመሰክረው እርስዎ ከኩርት የተሻሉ፣ ረጋ ያሉ ነጂ ነዎት። እንግዲህ ያንኑ ፒክአፕና ያንኑ ተሳቢ ቤት፣ ማገዶው፣ ውሃውና ብስክሌቶቹ እርስዎ ባዘዙት ቦታ ተጭነው፣ በመክፈቻው ቀን ቁልፉን አስረክብዎታለሁ። ሰልፉን በዚያ ይምሩልን። እርስዎ የሐይቁ በር ሲደርሱ እኔ ባንዲራው ስር ቆሜ ይቅርታዬን በታላቅ ድምፅ አነባለሁ፤ ኩርትም ይፈርማል፤ ቦታውንም በፈቃዳችን እንለቃለን። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሦስቱ የልጅ ልጆችዎ ሊኔትና ብሪታ በተቀመጡበት የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡ።

ለመሸጫዎ መስፋፋት፣ ለኮሚቴዎ አንድነት፣ ለጉልበትዎም ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ ያለኝን አክብሮት በሙሉ፣ ከተረፈኝ ጥቂት ትዕግሥት ጋር፣ በዚህ ደብዳቤ አስሬ እልክልዎታለሁ።

የቀድሞ ደንበኛዎ፣ የአሁን ጎረቤትዎ፣ የወደፊቱን እርስዎ የሚወስኑት፣
ቨርና ሂልደብራንት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገሩ ልጆችን የሚነካ ስለሆነ ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት የልጅ ልጆችዎን እናት፣ ምራትዎን ዳርያን፣ ሳላስነብብ ማለፍ ነውር መሰለኝ። ቤታችን ድረስ መጥታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አንዲት ቃል እንዳልቀንስ አደራ ብላኛለች። የመጨረሻው ሐሳቤ ላይ ስትደርስ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና፣ «ልጆቼን? በዚያ መኪና? እኔ ሞቼ ካልሆነ!» አለች። ስለዚህ ክቡርነትዎ መልስ ለመጻፍ እንዳይደክሙ፤ መልሱ ከቤትዎ ደርሶኛል።